ሆን ተብሎ የሚረሳ ዱላ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሥራ ዘመን ትዝታቸውን የሚጽፉት ሠላሳና አርባ ዓመት አገልግለው በክብር የተሸኙ ሰዎች ናቸው። የእኔ ሥራ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። አሁን የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች በዕድሜ ስለምበልጥ አንዳንዶቹ «እትዬ» ይሉኛል። ደግሞም ታሪኩ መጨረሻው ላይ ማን ልክ እንደነበረ አይናገርም፤ ለእኔም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። ነገር ግን አለቃዬም አስተማሪዬም የነበሩት ጋሽ ይርጋ ጡረታ ሲወጡ «እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ጻፊው» ብለውኛል። የታዘዝኩትን ለመፈጸም እሞክራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ከተማ ነው። ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነበር። የተመረጡ ቤተሰቦችን በየሦስት ወሩ እየተመላለስን እንጎበኛለን፤ ምን በሉ፣ ስንት ከብት አላቸው፣ ማን ታመመ፣ ከጎረቤት ጋር እንዴት ናቸው፣ ችግር ቢመጣ ማን ይደርስላቸዋል እያልን እንጠይቃለን። የሕፃናቱን ክንድ በጥብጣብ እንለካለን። ጥብጣቡ ሦስት ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቢጫው ያሰጋል፣ ቀዩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሮጥ ነው። ደመወዙ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣ ነበር። የውሎ አበል ማመልከቻ ግን ሁልጊዜ አንድ ፊርማ ይጎድለዋል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሰቆጣ ዙሪያ ነው። የዚያን ጊዜ አለቃዬ ጥሩ ሰው ቢሆንም ማታ ማታ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስንት ቤት ጨረስሽ?» ይለኛል። ብዙ ጨርሻለሁ ስለው ደስ ይለዋል፤ እኔም እሱ ደስ ሲለው ደስ ይለኝ ነበር። ቀጥሎ እዚያው አካባቢያችን ወዳለው የዝቋላ ወረዳ ተላክሁ። እዚያ ገበያው ሩቅ ስለሆነ በገበያ ቀን ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ በር ከማንኳኳት ይልቅ ከገበያተኛው ጋር አብሬ መጓዝ ተማርሁ። ሰው ፍየሉን እየነዳ ሲሄድ ለምን እንደሚሸጣት ሳይጠየቅ ይናገራል። ይህን ራሴ ያገኘሁት መስሎኝ ስኮራ ሰንብቼ፣ ኋላ ጋሽ ይርጋ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ሰማሁ።

ሦስተኛው ምድቤ ደሃና ወረዳ ሆነና ከእርሳቸው ጋር ተገናኘሁ።

ጋሽ ይርጋ ድሮ ጤና ረዳት ነበሩ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ጫማቸውን ሁልጊዜ በሣር የሚጠርጉ ሰው ናቸው። የሰው ቤት ገብተው ሳይቀመጡና የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ አንድም ጥያቄ አይጠይቁም። ሕፃን ከመለካታቸው በፊት ጥብጣቡን ለእናትየው ይሰጧታል፤ እሷ በገዛ ጣቷ ላይ ጠቅልላ አይታው፣ ስቃ ከመለሰችላቸው በኋላ ነው ወደ ልጁ የሚዞሩት። የልጁን ዕድሜ በወር አይጠይቁም፤ «ሲወለድ ገብሱ አሽቶ ነበር ወይስ ታጭዶ?» ይላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሻ ያያሉ። «ሰው ለእንግዳ ይለብሳል፣ ይስቃል። ውሻ ለእንግዳ ብሎ አይወፍርም» ይሉኝ ነበር።

ዱላም ነበራቸው፤ የወይራ፣ ጫፉ በእጅ ብዛት የወዛ። ቤት ሲገቡ በሩ ጥግ ያስደግፉትና ሲወጡ ይተዉታል። በማግስቱ «ዱላዬን ረሳሁ» ብለው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ቀን መልስ ለመዝገቡ ነው፤ የሁለተኛው ቀን ወሬ ግን ለእርሳቸው። በመጀመሪያው ሳምንት እውነት የሚረሱት መስሎኝ አንዴ ዱላቸውን አንሥቼ ተከትያቸው ሮጥኩ። እንደዚያ በቁጣ ያዩኝ ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ጎጧን በስም አልጠራትም፤ የሠራንበት ደንብ አይፈቅድም። በደሃና በኩል ያለች፣ አህያም በጥንቃቄ የምትወጣት ጎጥ ናት። በኅዳር አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድን። ገብስ ገና መታጨዱ ነበር። ቀበሌው መንገድ መሪ እንዲሆነን አቶ ሞላ የሚባል ሰው መደበልን። ሞላ መፋቂያው ከአፉ የማይለይ፣ ቀልደኛ፣ ሰዉን ሁሉ በቤት ስሙ የሚጠራ ጎልማሳ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በማግኘታችን ዕድለኞች ነን ብዬ አሰብኩ።

ሥራው የሚጀመረው በጠጠር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር መሬት ላይ ሦስት ክብ እንሠራለን፤ አንዱ ደህና ለሚኖሩ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለተቸገሩ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጠጠር አለ። ጠጠሯ የት እንደምትቀመጥ የሚወስኑት ጎረቤቶች ናቸው። ተራው እማዋይሽ ከምትባል ሴት ደረሰ። ባሏ የሞተው የመጨረሻ ልጇን በሆዷ ይዛ ሳለ መሆኑን አስቀድመን አውቀን ነበር።

«የእማዋይሽ ጠጠር የት ትሁን?» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወደ መጀመሪያው ክብ ገፋ አደረጓት። «እዚያ። ከደህኖቹ ጋር።»

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?»

«ምነው? ከጎረቤቷ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ?»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት «ካላመንሽ ፍየሎቿን ሄደሽ ቁጠሪ!» አለችኝ። ሞላ መፋቂያውን እያላመጠ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

ሄደን ቆጠርን። የእማዋይሽ ግቢ በፍየል ተሞልቷል። እሷ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ተቀበለችን። ትርንጎ የምትባለው ትልቋ ልጇ፣ ዕድሜዋ ከሃያ ያለፈ፣ አንገቷን ደፍታ ጠላ አቀረበች። ጋሽ ይርጋ ቀመሱ። እኔ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«በቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው አለ?»

«ጠላትሽ ይታመም!»

«ባለፈው ሳምንት ምግብ ያነሰበት ቀን ነበር?»

«ምግብ? እኛ ቤት?»

«ገብሱንስ በረዶ መትቶት ነበር?»

«በረዶስ ባጠገባችን አለፈ።»

«ችግር ቢደርስብዎ ማን ይደርስልዎታል?»

«ችግር የት ያውቀንና!»

ስትመልስልኝ እኔን አታይም ነበር፤ የምታየው ሞላን ነው። ይህን ልብ ያልኩት ግን ኋላ ነው። ሕፃኑን አመጣችው። ቁንጮ ያለው፣ ጉንጩ የሞላ ልጅ ነበር። ጥብጣቡ አረንጓዴ አለ። የእውነት ደስ አለኝ። አባቱ ሳያየው የሞተ ልጅ እንዲህ አምሮበት ማየት ማንንም ደስ ያሰኛል። ተመራርቀን ወጣን። ዱላው በሩ ጥግ ቀረ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሽ ይርጋ ከሞላ ወደ ኋላ ቀረት ብለው «ውሻውን አየሽው?» አሉኝ።

«የቱን ውሻ?»

«ይኸው ነው እንግዲህ። ያን ሁሉ ፍየል ቆጥረሽ ውሻውን አላየሽም። የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞላ ሳይነሣ፣ ሁለታችን ብቻ ተመለስን።

ግቢው ባዶ ነበር። ፍየሎቹ የሉም። በሩ ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ቁርበት ላይ አንድ ሕፃን ተቀምጧል። ቁንጮ የለውም። አንገቱ ቀጥኖ ጭንቅላቱን ለመሸከም የሚቸገር ይመስላል። ዱላው በነበረበት ቦታ ቆሟል።

«ዱላዎን ረሱ?» አለች እማዋይሽ።

«ረሳሁ እቴ። እርጅና ነው።»

«እርጅና ክፉ ነው። ግቡ።»

ጋሽ ይርጋ አልገቡም። ከሕፃኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ይህ የማን ልጅ ነው?»

«የኔ ነው። ደሴ።»

«ትናንት የለካነውስ?»

«እሱም ደሴ ነበር። ለትናንት።»

ይህን ስትል ጉዳይ የምትባል ጎረቤቷ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። ያ ባለቁንጮ ልጅ በጀርባዋ ታዝሏል። «ልጄን ለክታችሁ ስትሄዱ ‹ይደግልሽ› እንኳ ሳትሉኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊታችንን አይታ ሳቋን ተወች።

ጋሽ ይርጋ ጥብጣቡን ለእማዋይሽ ሰጧት። እንደሌሎቹ እናቶች ጣቷ ላይ አልጠቀለለችውም፤ ራሷ በደሴ ክንድ ላይ አዙራ አሳየቻቸው። ቢጫ ነበር፤ ለቀዩ የቀረበ ቢጫ።

ነገሩን ያስረዳችን እንዲህ ነው። ትርንጎ ታጭታለች። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሙሽራው የማዶ ጎጥ ሰው ሲሆን፣ ሞላ አጎቱ ነው። በዚያ አገር ጋብቻ ከመጽናቱ በፊት የወንዱ ወገን ሰው ልኮ ያስጠይቃል፤ የቤቱን ዘር፣ የቤቱን ከብት፣ በቤቱ ውስጥ በሽታ መኖር አለመኖሩን፣ ከጎረቤት ጋር መስማማታቸውን። የሚላከው ሰው ደግሞ «ለጋብቻ መጣሁ» አይልም። በሌላ ነገር አመካኝቶ፣ የሚያውቀውን ሰው አስከትሎ ይመጣል።

«እናንተ ከነሱ ሰው ጋር መጣችሁ» አለች እማዋይሽ። «የጠየቃችሁትም እነሱ የሚጠይቁትን ነው፤ አንዱንም አላጎደላችሁ።»

«እኛ እኮ ከፕሮጀክት ነን፤ ባጃችንን አሳይተናችኋል» አልኩ።

«ባጁንማ አየሁ። የነሱም ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ለብሶ ነው የሚመጣ።»

ጉዳይ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ለስንት ቤት፣ ለስንት ዓመት እነዚያን ጥያቄዎች እንደጠየቅሁ አሰብኩ። ሰው ማን መስዬው እየመለሰልኝ እንደነበረ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

«በረዶውስ?» አሉ ጋሽ ይርጋ።

«መታን። የማንን ይተዋል? ግን የኔን መታው ካሉ ድህነቴን መናገራቸው ነው። በረዶ አንዱን ማሳ መትቶ አጠገቡ ያለውን አይዘል። ስለዚህ ሁሉም አልመታንም አሉ።»

እንግዲህ ጎጧ በሙሉ፣ ጽዱ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ጭምር፣ ለአንዲት ልጅ ጋብቻ ሲሉ በረዶውን ደብቀዋል።

«እስከ ሠርጉ አፋችሁን ዝጉልኝ» አለች። «ይህች ልጅ ይህን ትዳር ካጣች ሌላ የሚመጣ የለም። ሰው ምን አግኝቶባት ተዋት ይላል።»

«የልጁ ሆድስ እስከ ሠርጉ ይጠብቃል?» አሉ ጋሽ ይርጋ።

በየወሩ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን እየመጣ ለከሱ ሕፃናት በከረጢት የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብ ይሰጥ ነበር። ምግቡን የሚሰጠው ግን በአደባባይ ነው፤ ማን ከረጢት ይዞ እንደወጣ አገር ያያል። ስለዚህ ደሴን አንድም ቀን አላቀረበችውም።

ሁለቱ ሴቶች በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ማውራት ጀመሩ። እኔ ጥቂት ጥቂት ብቻ ነው የምሰማው። ጋሽ ይርጋ ግን ይሰሙ ስለነበር ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ጉዳይ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ።

«እሷ ልጄን ተውሳለች። እኔ ደግሞ የሷን እዋሳለሁ። ቡድኑ የመጣ ቀን ደሴን አዝዬ በኔ ባል ስም አስመዘግበዋለሁ። እኔ የምድረው ልጅ የለኝ፤ ከሳብኝ ብል ማን ይታዘበኛል?»

ጋሽ ይርጋ ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «አሁን ምን ብለን እንመዝግብ?» አልኳቸው። የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ «ጊዜ እንስጣቸው። ‹በድጋሚ ይጎብኝ› ብለሽ ምልክት አድርጊበትና እለፊው» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ያኔ ግን እርሳቸው ያሉኝን ማድረግ ልክ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ሰቆጣ የነበረው አስተባባሪያችን ዳዊት ይባላል። ወጣት ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ ከእኛ ጋር ተራራ ባይወጣም የላክነውን ሁሉ አንድ በአንድ ያነባል። ውጤቱ ሲደመር ጎጧ ከአካባቢው ሁሉ የተሻለች ሆና ተገኘች። ተንቀሳቃሽ ቡድኑ ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ይበልጥ ወደተቸገረ ቦታ እንዲዛወር ከወረዳው ጋር ተወሰነ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ወደዚያች ጎጥ መምጣቱን አቆመ።

ጋሽ ይርጋ ሰምተው እኔን አስከትለው ዳዊት ዘንድ ገቡ።

«ያቺን ጎጥ ዳግመኛ እንያት» አሉት።

«ምክንያቱ ምንድን ነው ጋሽ ይርጋ?»

«መልሱ አላማረኝም።»

«እኔም ደስ ባለኝ፤ ግን የሚጻፍ ምክንያት ይስጡኝ። ‹አላማረኝም› ብዬ ለወረዳ ልጻፍ?»

ጋሽ ይርጋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሠርግ አለ ብንል ዳዊት ለወረዳው ይጽፋል፤ ወረዳው ለቀበሌው ይጽፋል፤ ቀበሌው ውስጥ ሞላ አለ። ሳንናገር ወጣን። በኮሪደሩ ላይ «አንዷ ልጅ ትዳር ብለን አንዱን ልጅ እያስራብን ነው?» አሉኝ። የጠየቁት እኔን ይሁን ራሳቸውን አልለየሁም።

በጥር ሠርጉ መደገሱን ሰማን። በየካቲት ተራችን ደርሶ ሄድን፤ ከሞላ ጋር።

በዚህኛው ጊዜ ጽዱ ሥር ጠጠሮቹ ሁሉ ወደ ሦስተኛው ክብ ነጎዱ። በረዶው ጎተራቸውን ባዶ እንዳደረገው የማይናገር ሰው አልነበረም። ያ በከዘራቸው ጠጠር የገፉት ሽማግሌ ራሳቸው «በኅዳር እኮ ነው የመታን፤ ዘንግተሽው ነው?» አሉኝ። እኔም «ዘንግቼው ነው አባባ» አልኩ።

እማዋይሽ ቤት ስንደርስ ደሴ ተኝቷል። ጥብጣቡ ቀይ አለ። ቡድኑ ከቀረ በኋላ ጉዳይ ልጁን አዝላ ሁለት ጊዜ የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ጤና ጣቢያው ወስዳው ነበር። ከዚያ እሷም ነፍሰ ጡር ሆና እግሯ አበጠና መሄድ አልቻለችም። እማዋይሽ ደግሞ በራሷ ስም ልትወስደው ፈራች። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለምን እንደፈራች ስጠይቃት «ገና ወሩ አልሞላ፤ ልጄን ቢመልሷትስ?» አለችኝ።

ጋሽ ይርጋ ድምፃቸው ተለወጠ። «ያኔ ዱላዬን ልወስድ ባልመለስ ኖሮ ይህንንም አትነግሪኝም ነበር። ለምን ዝም አልሽ? ያኔውኑ አስገድጄ ልወስደው ይገባኝ ነበር።»

እማዋይሽ ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ፣ ዱላዎን ሆን ብለው እንደሚተዉት አገሩ ሁሉ ያውቃል። ባልፈልግ ኖሮ የዚያኑ ማታ በሰው አልክልዎት ነበር። ፍየሎቹን ያስወጣሁት፣ ልጁን ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኩት ለማን መሰለዎ?»

ጋሽ ይርጋ ዱላቸውን ተመለከቱ። ያን ያህል ዘመን ሰዉን ሳያውቅባቸው የሚያዩ መስሏቸው ነበር። ሰዉ ግን ማሳየት የሚፈልገውን ለማሳየት በዱላቸው ይጠቀም ኖሯል። ሳቅ መሰል ነገር ከአፋቸው ወጣ፤ ወዲያው ግን «በቅሎ አለ?» አሉ።

ሞላ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሄዶ የራሱን በቅሎ አመጣ። እማዋይሽ ደሴን ታቅፋ ተቀመጠች። ሞላ ሳበ፤ እኛ ተከተልን። ቁልቁለቱ ላይ «አቶ ሞላ፣ እንግዲህ አወቁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፍየሎቹ የሷ አለመሆናቸውን።»

«አንቺ ልጅ!» አለ፣ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ። «አንዷ እኮ የእህቴ ፍየል ናት። ጆሮዋ የተቆረጠችዋ። በር ላይ ሳያት ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ።»

እማዋይሽ በበቅሎዋ ላይ ሆና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ካየሁ ለወንድሜ፣ ለሙሽራው አባት፣ መንገር አለብኝ። ወንድሜ ከሰማ ሽማግሌ መሰብሰብ አለበት። ሽማግሌ አንዴ ከተሰበሰበ ደግሞ ዝም ብሎ አይበተን። ልጅቷን ወደናታል። ስለዚህ አላየሁም።»

«ወንድምዎ አያውቅም ነበር?»

«እንዴት አያውቅም! ፍየል ባጠገቡ ስትነዳ የማያውቅ ባላገር አለ?»

«እና ከማን ነው የደበቃችሁት?»

ሞላ ትንሽ አሰበ። መሳለቁ አልነበረም፤ እውነት ለመመለስ የፈለገ ይመስለኛል። «እንጃ» አለ። «ከእናንተ በቀር ያላወቀ ሰው አላየሁም።»

ደሴ ጤና ጣቢያ ተኝቶ ታከመ። ብዙ ቀን ፈራን፤ በመጨረሻ መጥባትና መብላት ጀመረ። እኛ ሰቆጣ ስንመለስ ዳዊት አዲሱን ውጤት ከፍቶ ጠበቀን።

«በሦስት ወር ውስጥ ምን መዓት ወረደባቸው?» አለ።

«መዓቱ የወረደው በኅዳር ነው» አሉ ጋሽ ይርጋ። «በረዶ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ሠርግ ነበራቸው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩት። ዳዊት አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወደ ስክሪኑ ዞረና «ይህን የቱ ጥያቄ ሥር ላስገባው?» አለ። የቀለደ መስሎኝ ቀና ስል፣ የምሩን ነበር። ማናችንም አላወቅንም። ለወረዳው ግን ያንኑ ዕለት ጻፈ። ቡድኑ በሚያዝያ ወደ ጎጧ ተመለሰ።

አሁን በክፍል ውስጥ መምህራችን ስለ ትክክለኛ መረጃ ሲያስተምር በጥንቃቄ እጽፋለሁ። ጥያቄው ግልጽ ይሁን፣ መንገድ መሪው ገለልተኛ ይሁን፣ ይላል፤ ልክ ነው። ሞላ ባይኖር ኖሮ እማዋይሽ በመጀመሪያው ቀን ትነግረን እንደነበረ አምናለሁ። ግን ሌላም ነገር አስባለሁ። «ችግር ቢደርስብዎ ማን ይደርስልዎታል?» ብዬ ስጠይቃት «ችግር የት ያውቀንና» ብላ ነበር የመለሰችልኝ። በዚያችው ሰዓት ፍየል ያዋሰ ጎጥ፣ ልጅ ያዋሰች ጎረቤት፣ በረዶ የደበቀ አገር ከበዋት ነበር። እንዲያ የሚደርስለት ሰው ያለው ቤት የትኛው ክብ ውስጥ ነው የሚገባው? ከደህኖቹ ጋር ያሏት ሽማግሌ ዋሽተዋል ወይ? ደግሞ ይህን ሳስብ የደሴ አንገት ይመጣብኛል፤ ያ ሁሉ ሰው እያወቀ ነው ልጁ ለቀይ የደረሰው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቅቶኛል።

ጋሽ ይርጋ በግንቦት ጡረታ ወጡ። ቢሮው ሻይና ዳቦ አዘጋጅቶ፣ ምን ታስቦ እንደሆነ እንጃ፣ አዲስ የተጠረበ ዱላ ሸለማቸው። ተቀብለው አመሰገኑና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይኼን እንኳ እውነት ሳልረሳው አልቀርም» አሉኝ። ከዚያ «አንቺ ዱላ አያምርብሽም። የራስሽን የምትረሺው ነገር ፈልጊ» አሉ።

የተባልኩትን የምሰማ ሰው ነኝ፤ ጥላ ገዛሁ። ጥቁር፣ እጀታው የተቆለመመ። ለጥቂት ሳምንታት በየደረስኩበት በር ጥግ እየተውኩ በማግስቱ እመለስ ነበር። ሰዉ የጋሽ ይርጋ ልጅ መሆኔን ወዲያው አወቀ። «ዝናብ ሳይኖር ጥላ?» እያለ ይስቅብኛል፤ ግን ማንም በሰው አልላከልኝም።

ፕሮጀክቱ ሊዘጋ መሆኑ በዚያው ሰሞን ተነገረን። የመጨረሻው ዙር ወደዚያች ጎጥ ያደረሰኝ በበዓል ቀን ነበር። እማዋይሽ ብቻዋን አልነበረችም፤ ትርንጎ ለበዓሉ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ጠላ አቀረበችልኝ፤ አሁን ቀና ብላ። ግቢው ውስጥ ሁለት ፍየሎች ነበሩ። የማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ውሻውን አየሁት፤ አጥንቱ አይቆጠርም ማለት አልችልም፤ ከበፊቱ ግን ይሻላል። ጥብጣቡን ለእማዋይሽ ሰጠኋት። ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ሳቀች፣ መለሰችልኝ። ደሴ ክንዱን ራሱ ዘረጋ። አረንጓዴ ነበር፤ ጠባብ አረንጓዴ፣ ግን አረንጓዴ። በገዛ ስሙ፣ በገዛ ቤቱ ጻፍሁት።

ፕሮጀክቱ እንደሚዘጋ ልነግራት አስቤ ነበር፤ እንዴት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። ተሰናብቼ፣ ጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ! ጥላሽን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

ዞርኩ።

«አትመለሽም ማለት ነው?»

እመለሳለሁ ብል ውሸት ነው፤ አልመለስም ማለትም አፌ እንቢ አለኝ። ሰማዩ ጠቁሯል። ወደ በሩ ተመለስኩና ጥላውን የጋሽ ይርጋ ዱላ ይቆም በነበረበት ጥግ አስደግፌ ወጣሁ። ዝናቡ ወንዙን ሳልሻገር ያዘኝ። የዚያች ጎጥ ክትትል ያበቃው፣ የእኔም ሥራ አብሮት ያበቃው፣ በዚያች ቀን ነው፤ ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ በሰኔ ሚካኤል።